ለጠፋ ነገር ሌላ ሕግ አለው

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። መምህርት ያምሮት ቢሆነኝ ደግሞ ከተወጋ ሰውም የባሰች ነበረች። ቁስሏ ሊደርቅ ሲል ራሷ እየከፈተች ታየዋለች። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ጠባብ የቋንቋ ማሠልጠኛ፣ ባንተአምላክ በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። "ግባ" ብላ ወንበር አሳየችው። በሆዷ ግን "መጣልኝ!" አለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያላየችው ሰው ነው። የቡሬ እህል ነጋዴ ልጅ ነው፤ እሷ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ልብስ የሚሰፉት የአቶ ቢሆነኝ ልጅ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ተዋደዱ። ተመርቀው እንደመጡ እሱ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሎቹ፣ አብረዋቸው ከመጡት ቄስ ጋር፣ ከአባቷ ዘንድ ተቀምጠው እንደ ወጉ ዘር ቆጠሩ፤ "በሚቀጥለው እሑድ መጥተን ቃል እናስራለን" ብለው መርቀው ሄዱ። እሑድ ደረሰ። በግ ታረደ፤ ጠላ ተጠመቀ፤ ያምሮት ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ፀሐይ እስክትጠልቅ መንገድ መንገዱን አየች። ማንም አልመጣም። የባንተአምላክ ስልክ ተዘግቷል። እናቷ ድሮ ስለሞተች አይዞሽ የሚላት እንኳ አልነበረም። ጎረቤቱ የእጮኝነቷን በግ በላላትና አፉን ጠርጎ "ጌታ የተሻለ ያምጣልሽ" እያለ ወጣ።

አባቷን "ለምን?" ብትላቸው "ተይው ልጄ" ብቻ አሏት። መልሱን ለራሷ ሰጠች፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ብለው ናቁኝ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ንቀት ከእሷ ጋር ትተኛለች፤ ከእሷ ጋር ትነሳለች።

እና አሁን እፊቷ ቆሟል። ከስቷል። ፀሐይ አጥቁራዋለች። እንዳልከፋት ለማሳየት ያህል እጇን ዘረጋችለት። እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ እንጂ አልጨበጣትም። የተዘረጋው እጇ እንዲሁ ቀረ።

"እንደምን አለሽ፣ መምህርት።"

መምህርት! "የኔ ዓለም" ይላት የነበረ አፍ ነው መምህርት የሚላት። እጄን ለመንካትም ተጸየፈኝ ብላ አሰበች፤ ፊቷም ጋለ።

የመጣበትን ጉዳይ ነገራት። አንድ የባሕር ዳር አስጎብኚ ድርጅት ወፍ ሊያዩ ለሚመጡ የውጭ ሰዎች መሪ ሊቀጥር ነው። ፈተናው ሐሙስ ጠዋት፣ ቡሬ አጠገብ ካለው ረግረግ ላይ ነው።

"ወፎቹን አውቃቸዋለሁ" አላት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "ግን ወፍ ብልጭ ብላ ነው የምትሰወረው። የት እንደተሰወረች በእንግሊዝኛ ቶሎ ካልተናገርሁ እንግዶቹ አያገኟትም። እዚህ ላይ ነው የምወድቀው። ከአባቴ ቤት ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ይህ ሥራ ካመለጠኝ ሌላ የለኝም።"

"ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከኔ ሌላ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ጠፋ?"

"አልጠፋም" አለ።

እዚህ ላይ ስለ መሰወር ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ቋንቋ "ተሰወረ" ካልን ነገሩ አለቀ፤ ሰሚው አንገቱን ነቅንቆ ዝም ይላል። እንግሊዝኛ ግን በዚህ አይጠግብም፤ እንደ ነገረኛ ጎረቤት ይጠይቃል። ውጦት ነው የጠፋው? እንግዲያው ኢንቱ በል። ከልሎት ነው? ቢሃይንድ በል። ተሻግሮ ነው? ኦቨር በል። ዞሮ ታጥፎ ነው? ራውንድ በል። ያምሮት ይህን ለተማሪዎቿ ስታስረዳ ሁልጊዜ ስለ ሌላ ነገር ታስብ ነበር። እነዚያን ጥያቄዎች ስለ አንድ ሰው ስትጠይቅ ኖራለችና። ምን ውስጥ ገባ? ከማን ጀርባ ተሸሸገ? ማንን ተሻግሮ ሄደ?

ስልኳን አውጥታ ሥዕል አሳየችው፤ ወፍ ጭጋግ ውስጥ ስትገባ።

"ኢንቱ ዘ ፎግ" አለ ባንተአምላክ።

ትክክል ነበር። ያምሮት ሥዕሉን አየች፤ ሰውየውን አየች፤ ያ እሑድ ትዝ አላት።

"አይደለም" አለችው። "ቢሃይንድ ዘ ፎግ ነው።"

"ቢሃይንድ... ኋላ ማለት አይደለም እንዴ?"

"እሱ ለቆመ ነገር ነዋ! ለጠፋ ነገር ሌላ ሕግ አለው።"

ቀና ብሎ አያት። ያን ጊዜ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። የድሮው ዓይኑ ነው፤ ምንም አልተለወጠም። ልቧ ወለም ሊል ነበር፤ እሱ ግን ቶሎ ዓይኑን ሰበረና "እሺ። ቢሃይንድ ዘ ፎግ" አለ፤ ደግሞም ደጋገመው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ያምሮት ከዚያ በኋላ ማን ያቆማታል! ሸምበቆ ውስጥ የምትገባውን ቢሃይንድ አስባለችው፤ ከዛፍ ጀርባ የምትከለለውን ኢንቱ፤ ጋራውን አልፋ የምትወርደውን አንደር፣ ከሥር ማለት ነው። ሁሉንም አገላብጣ፣ አሳምራ፣ እንደ እውነተኛ ትምህርት አስጠናችው። እሱም እንደ ዳዊት ደገመ። ስትወጣ መንገድ ላይ ብቻዋን ሳቀች። ቤቷ ደርሳ ግን እራት አልበላላትም።

ረቡዕ ለመጨረሻ ጊዜ መጣ። ሁሉንም እንደ ውሃ ጠጥቶታል፤ ስሕተቱን ሳይሳሳት ይወጣዋል። ሊሄድ ሲነሳ መቻል አቃታት።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለምን?"

ምን እንደምትለው ገብቶታል። በሩን ይዞ ቆመ።

"አልናገርም። ተገዝቻለሁ።"

"ማን ነው የገዘተህ?"

"እሱንም እንዳልናገር ነው የተገዘትሁት።"

"ወይ ጉድ!" ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሳቅ አልነበረም። "ድሃ ቢሆን ኖሮ ሸሸ ይባል ነበር። የሀብታም ልጅ ሲሸሽ ግን ግዝት አለበት። ቆንጆ ነገር አግኝታችኋል!"

አንድ ቃል ሊወጣው ነበር፤ ዋጠው። "ስላስተማርሽኝ እግዜር ይስጥሽ" ብሎ ወጣ። ምርቃቱ ከስድብ የባሰ አቃጠላት።

ሐሙስ ጠዋት ያምሮት ደስ ብሏት ተነሳች፤ ወይም ደስ ያላት መሰላት። አባቷ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናቸውን ይነዳሉ። የአባቷ እህት እትየ እማዋይሽ በጠዋቱ መኪና ከደምበጫ ደርሳ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ግራ ቀኙን እያየች ቤቱን ትጎረጉራለች።

"አንች ደግሞ ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ የምታንጎራጉሪ?" አለቻት።

"ዛሬ አንድ ሰው ሥራውን ያገኘዋል፣ እትየ። ባንተአምላክ የሚባል የቡሬ ሰው።"

እማዋይሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "የሱን ነገር ነዋ ይዠ የመጣሁት! ቡሬ ተዝካር ሂጀ ሰማሁ። ላንች ታጭቶ የቀረበትን ምክንያት ነገሩኝ። የቆጠሩትን ዘር ቡሬ ወስደው ከሱ ጋር ሲያስተያዩት በአያትሽ በስመኘው በኩል አምስተኛው ቤት ላይ ገጠማችሁ አሉ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም፤ ወንድምና እህት ናችሁ ተባለ። ዘሩን የቆጠሩት ቄስ ሃይለ ሚካኤል ልጁን ገዘቱት። 'ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ ወንድሟን ወደደች ተብላ ትሰደባለች። ዝም ብለህ ጥፋ፤ ትጥላህ። የጠላች ታገባለች፤ ያፈረች ግን ትቀራለች' አሉት። እሱም አባቱን ተጣልቶ ወምበርማ ወርዶ ሲንከራተት ኖረ አሉኝ።"

ያምሮት በቆመችበት ደረቀች። ለካ እጇን ያልጨበጣት ለዚህ ነው። ለካ ዓይኑን የሚሰብረው ለዚህ ነው።

"ወንድሜ ነው እንግዲያ?" አለች።

"ምን ወንድምሽ! እኔ የሳቅሁት እሱን ሰምቸ አይዶል? የስመኘው ደም እኮ እኔ ነኝ።" ወደ በረንዳው ዞረች። "አንተን ግን ምን አገናኘህ፣ ወንድምዓለም? ስመኘው እናታችንን ሲያገባ አንተ ድክ ድክ ትል ነበር። በስሙ ጠራህ፣ አሳደገህ እንጅ አባትህ የሽንዲው ሸማኔ፣ አድማሴ እንደሆነ እናታችን ነግራናለች። ቄሱ ሲቆጥሩ ይህን አልነገርሃቸውም?"

የስፌት መኪናው ቆመ።

"አባየ" አለች ያምሮት። "ቄሱ ሲቆጥሩ እዚያው ነበሩ?"

"ነበርሁ።"

"በማያገናኝዎት ሰው በኩል ሲቆጥሩ ሰሙ?"

"ሰማሁ።" አቶ ቢሆነኝ እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አላነሱም። "ልጅ ሳለሁ የሸማኔ ልጅ እያሉ ውሃ ስወርድ በድንጋይ ያባርሩኝ ነበር። ስመኘው ነው ስም ያለበሰኝ። ያን ስም በሽማግሎች ፊት፣ በቡሬ ሀብታም ፊት ላወልቀው ስል አፌ ተያዘ። ኋላ ሲቀሩም ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ሆድ ይፍጀው አልሁ።"

"የፈጀውስ የእኔን ሆድ ነው!" ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። "በየምሽቱ ሳለቅስ ግድግዳው ማዶ ነበሩ። ያውቁ ነበር። ያውቁ ነበር፣ አባየ!"

ሦስት ዓመት የተሸከመችው ቂም አድራሻው ተሳስቶ ነበር፤ አሁን ባለቤቱን አገኘ፤ ባለቤቱ ደግሞ የምትወደው አባቷ ሆነ። ከዚያ ሐሙስ መሆኑ ትዝ አላት። ባንተአምላክ ይኼኔ ረግረጉ ዳር ቆሞ ያስተማረችውን እያለ ይሆናል።

"ይነሱ" አለቻቸው። "ቡሬ እንሄዳለን። ያላወለቁትን ስም እሱ ፊት ያወልቁታል።"

ሚኒባሱ ውስጥ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ስልክ ደወለች፤ ፈተና ላይ ስለሆነ ዘግቶታል። ማንኩሳ ላይ ሾፌሩ ሰው ሊጭን ሲቆም "ሂድ በናትህ!" ብላ ጮኸችበት። የለቀቀችው ውሻ ሰው ሊነክስ ሲሮጥ እያየች ስሙን ጠርታ ልትመልሰው እንዳቃታት ሴት ሆነች። አንድ ጊዜ አባቷን በጎን አየቻቸው፤ ኩታቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። አላሳዘኗትም። እንዲያዝኑ ነበር የፈለገችው፤ እንዲያውም ገና ይበልጥ።

ረግረጉ ዳር ሲደርሱ ፈተናው ማለቂያው ላይ ነበር። የውጭ አገር እንግዶች አቅራቢ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ባርኔጣ ያደረገ ፈታኝ ከኋላ ቆሟል። ባንተአምላክ ከፊታቸው ነው። አንዲት ቀይ ደረት ያላት ወፍ ብልጭ ብላ ሸምበቆው ውስጥ ጥልቅ አለች።

"ቢሃይንድ ዘ ሪድስ!" አለ ባንተአምላክ ጣቱን ዘርግቶ፣ በሙሉ ልብ።

እንግዶቹ እየተሯሯጡ ሸምበቆውን ዞሩ፤ አንዷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ሰጠመች። ሁሉም ከሸምበቆው ጀርባ አፍጥጠው ሲጠብቁ ወፏ በዚህኛው ወገን ወጥታ ማንም ሳያያት ሄደች። ፈታኙ ባርኔጣውን አውልቆ ሳቀ። ለባንተአምላክ ሁለት ሦስት ቃል ነገረውና ሰዎቹን ሰብስቦ ወደ መኪናው ሄደ። ያምሮት ያቀደችው አንድም ሳይጓደል ሆነላት።

ባንተአምላክ ዞር ሲል አያቸው። ፊቱ ላይ ውርደቱ ገና አልበረደም፤ ሆኖም ቶሎ ብሎ ጎንበስ አለ። "አባ ቢሆነኝ፣ እንዴት ዋሉ? መምህርት፣ አሳፈርሁሽ። ወፎቹን ሁሉ ከሌሉበት ላክኸን አሉኝ። ምን እንደተሳሳትሁ አላወቅሁም።"

"አልተሳሳትህም" አለች። "እኔ ነኝ። አውቄ ነው አገላብጨ ያስተማርሁህ። እንድትወድቅ ነው።"

ባንተአምላክ ጫማውን ከጭቃው ነቅሎ ቀረብ አላት።

"ቢሃይንድ ኋላ እንደሆነማ ሕፃንም ያውቀዋል" አለ። "ለጠፋ ነገር ሌላ ሕግ አለው ስትይኝ ግን አመንሁሽ። አንች ነሻ።"

አቶ ቢሆነኝ ወደፊት ወጡ። ኩታቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

"ባንተአምላክ፣ ልጄ። እኔ የስመኘው ልጅ አይደለሁም። የሸማኔው የአድማሴ ልጅ ነኝ። አንተና ያምሮት በምንም አትገናኙም። የተገዘትህበት ቆጠራ ሐሰት ነበር። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ።"

"ሸማኔ?" አለ ባንተአምላክ ቀስ ብሎ። የሽማግሌውን ኩታ ጫፍ ያዘ። "ይህን የለበሱትን ማን ሠራልዎ ታዲያ? በዚህ ነው? በዚህ ነው እኔ አገር ለአገር የዞርሁት?" ኩታውን ለቀቀ። "በሽንዲ ገበያ እሷን የምትመስል ሴት ባየሁ ቁጥር ንስሐ የምገባው በዚህ ነው?"

አቶ ቢሆነኝ ጎንበስ ብለው ከረግረጉ ዳር አንድ ድንጋይ ፈነቀሉ። ትልቅ ነበር። በሁለት እጃቸው አንስተው ማጅራታቸው ላይ ጫኑትና በልጃቸው ፊት ቆሙ።

በጎጃም ድንጋይ ተሸክሞ ማረኝ የሚለው ደም ያፈሰሰ ሰው ነው። አባት ለልጁ ድንጋይ ሲሸከም ግን ያምሮት አይታም ሰምታም አታውቅም። "ማሪኝ" አሉ፤ አንገታቸው ተቀብሮ ፊታቸው አይታይም።

እውነቱን ለመናገር አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ባንተአምላክ ደንግጦ ድንጋዩን ሊያነሳ ሲሮጥ እጇን ዘርግታ ከለከለችው። "ተው! ለኔ ነው የተሸከሙት።" ቆማ አየቻቸው። ጉልበታቸው ሲብረከረክ አየች፤ ጭቃው ውስጥ እግራቸው ሲሰምጥ አየች። ጣፈጣት። ይበልጥ ሲጣፍጣት ደግሞ ራሷን ፈራች፤ እስከ የት ድረስ እንደምታስቆማቸው ለራሷም አልታወቃትም ነበርና። ቀረብ ብላ ድንጋዩን ከማጅራታቸው ላይ ተቀበለቻቸው።

"ይቅር ብየዎታለሁ አልልም፣ አባየ። ገና ነው። ይህንኑ ቃል ቄስ ሃይለ ሚካኤል ፊት፣ በነዚያው ሽማግሎች ፊት ይድገሙልኝ። ያን ጊዜ እላለሁ።"

"እደግመዋለሁ" አሉ አቶ ቢሆነኝ እየተንገዳገዱ ቀና ብለው። እንባቸው ወርዶ ጢማቸው ላይ ደርሷል።

"ያምሮት" አለ ባንተአምላክ።

ከመጣ ጀምሮ በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። ዞረች። ጫማው ጭቃ ነው፤ ለፈተናው ብሎ የተኮሰው ሸሚዝ በላብ ረጥቧል። ሌላ ሥራ የለኝም ያላት ሰው ነው። አምኗት የወደቀ ሰው ነው። ድንጋዩ ገና እጇ ላይ ነበር። ልትጥለው አልቻለችም፤ ከፍ አድርጋ የራሷ ማጅራት ላይ ጫነችውና እፊቱ ጎንበስ አለች።

"ማረኝ" አለች።

እሱ አልተጣደፈም።

"ይከብዳል?"

"ይከብዳል።"

"እህቴ ናት እያልሁ አንችን መውደድ ግን ከዚህ ይከብዳል። ስጸልይ እህቴ አድርጊልኝ ብየ እመቤቴን ለመንኋት። አንድ ቀን እንኳ እህቴ ሁነሽልኝ አታውቂም።" እጁን ወደ ድንጋዩ ዘረጋና መለሰው። "ትንሽ ቁሚ። እኔም ተናድጃለሁ። ትንሽ ቁሚልኝ።"

ቆመች። እንባዋ መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ትከሻዋ ይቃጠላል፤ እሱ ሲተነፍስ ይሰማታል። አባቷ ፊታቸውን ወደ ረግረጉ አዙረዋል። ከዚያ ሁለት እጆች መጡና ድንጋዩን አንስተው ጭቃው ውስጥ ወረወሩት።

ቀና እንዳለች አላቀፈችውም። በጡጫ ደረቱን መታችው፤ ደግማ መታችው። "አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትለኝ ምን ነበረበት!" እያለች። እሱም አልሸሸም፤ እጆቿን አልያዘም፤ እስኪወጣላት ድረስ ደረቱን ሰጥቷት ቆመ። ከዚያ ግንባሯ ደረቱ ላይ አረፈ። ቂሟ ገና አላለቀም ነበር፤ ከእንግዲህ የምትቀየመው ግን አጠገቧ ያለ ሰው ነው።